ውበት ከደጃችን፤ ከሐረር ቤት እስከ ክረምት ስፌት

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የብዙ ወላጆች ጭንቀት ይጀምራል። ልጆች ጠዋት ቁርኣን ቤት ደርሰው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅሙ ቀን ግን፣ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣ ከቴሌቪዥንና ከስልክ ፊት እንደተተከሉ ያልፋል። ሐምሌ ሳያልቅ እናት «እነዚህን ልጆች ምን ላድርጋቸው?» ትላለች፤ አባት «ምነው ትምህርት ቤቱ ቶሎ በተከፈተ» ይላል። እኛ አስተማሪዎችም በመስከረም ተመልሰው ሲመጡ በእረፍታቸው ምን እንደሠሩ ብንጠይቃቸው አብዛኞቹ የሚተርኩልን ያዩትን ፊልም ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ግን ስለ ክረምት ትምህርት አይደለም፤ ስለ ውበት ነው። የሙስሊሙ ቤተሰብ ስንት አሳሳቢ ጉዳይ እያለበት ስለ ቀለም፣ ስለ ጥለትና ስለ ልብስ ማውራት ምን ይባላል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይህን የሚል ወንድም ወይም እህት አንድ የታወቀ ሐዲስ እንዲያስታውሱልን እንጠይቃለን። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በልቡ ውስጥ ቅንጣት ያህል ኩራት ያለበት ሰው ጀነት እንደማይገባ ሲናገሩ፣ አንድ ሰው ልብሱና ጫማው ያማረ እንዲሆን የሚወድ ሰው ጉዳይ አሳስቦት ጠየቃቸው። መልሳቸው ውበትን የሚያወግዝ አልነበረም። አላህ ውብ እንደሆነና ውበትንም እንደሚወድ ነገሩት፤ ኩራት ማለት ደግሞ እውነትን መግፋትና ሰዎችን መናቅ መሆኑን አስረዱት። የተወገዘው ያማረው ጫማ ሳይሆን ጫማውን አድርጎ ባዶ እግሩን የሚሄደውን የሚንቀው ልብ ነው ማለት ነው።

በሱረቱ-ን-ነሕል መጀመሪያ አካባቢም አላህ (ሱ.ወ) ስለ ቤት እንስሳት ሲናገር በመጀመሪያ ሙቀታቸውን፣ ጥቅማቸውንና የሚበላውን ያነሳል። ቀጥሎ ደግሞ ማታ ከግጦሽ ሲመለሱና ጠዋት ሲሰማሩ ለባለቤታቸው ውበት እንዳላቸው ይጠቅሳል። ከብት ባረባ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ተፍሲር ላያስፈልገው ይችላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ላሞቹ አቧራ እያስነሱ ወደ በረት ሲገቡ አባቱ ከደጅ ቆሞ የሚያይበትን ዓይን ያውቀዋል። ቁርኣን ያንን እይታ ከጸጋዎች መካከል ቆጥሮታል።

እንዲህ ከሆነ ችግሩ ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት ችግሩ ሁለት ነው። ከአዋቂዎቻችን መካከል አንዳንዶቹ ውበትን የሴትና የሕፃን ጉዳይ አድርገው ትተውታል። ወጣቶቻችን ደግሞ ውበት የሚባል ነገር ያለው ሩቅ አገር ነው ብለው አምነዋል፤ ከዱባይ በሚመጣ ዐባያ፣ ከቱርክ በሚመጣ መጋረጃ፣ በስልክ በሚያዩት የሰው ሳሎን ውስጥ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል በገዛ ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሚያየው ጠፋ።

የግማሽ ሰፌድ ነገር

አንድ ጊዜ ተማሪዎቻችንን «ከቤታችሁ ውስጥ ያማረ ንድፍ ያለበት አንድ ዕቃ ይዛችሁ ኑ» ብለን አዘዝናቸው። የጂኦሜትሪ ትምህርት ልንጀምር ስለነበር ነው። በማግሥቱ ጠረጴዛው ሞላ። አበባ የታተመበት ቴርሞስ፣ የስልክ ሽፋን፣ የፕላስቲክ ትሪ፣ የቅዳሜ ገበያ ፎጣ መጣ። አንዲት ልጅ ብቻ በጋዜጣ የጠቀለለችውን ነገር ሳትፈታ ይዛ ተቀመጠች። በስንት ልመና ፈታችው። ያላለቀ ሰፌድ ነበር። ከመሐሉ ጀምሮ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ወጥቶለት፣ ቀይና አረንጓዴ አለላው እየተፈራረቀ፣ ሳህን ሊያክል ሲል ቆሟል። የመጨረሻው ዙር ላይ ወስፌው እንደተሰካ ነው።

የአያቷ ሥራ ነው። አያትየው ሞተዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። እናቷ አልተማረችም፤ አክስቶቿም አልተማሩም፤ በቤቱ ውስጥ ከዚያ ነጥብ አንድ ስፌት ወደፊት ሊያስኬደው የሚችል ሰው የለም። ልጅቷ ያፈረችው አሮጌ ነገር ይዛ ስለመጣች ነበር። እኛ ግን ያንን ወስፌ ስናይ የተሰማን ሌላ ነው። አንድ እውቀት ከአንድ ቤት ሲወጣ አይጮኽም፤ እንዲህ ተሰክቶ ይቀራል።

ቤቱ ራሱ የሚያስተምርበት ከተማ

ነገሩን በሚጨበጥ ምሳሌ ለማየት ወደ ሐረር እንሂድ። ሐረርን የመረጥነው የሙስሊም ቤት ጥበብ ከዲን ኑሮ ጋር ተያይዞ በግልጽ የሚታይባት ከተማ በመሆኗ ነው። ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች። ዩኔስኮ ግንቡ ከ13ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የተገነባ መሆኑን፣ በከተማይቱ 82 መስጂዶች እንዳሉና ከእነዚህም ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ መሆናቸውን ጠቅሶ፣ ከሁሉ በላይ ግን አስደናቂው ቅርስ የመኖሪያ ቤቶቹ የውስጥ አሠራር ነው ይላል። ልብ በሉ፤ ከግንቡ በላይ የተደነቀው ሰው እንግዳውን የሚያስተናግድበትና ልጁን የሚያሳድግበት ሳሎን ነው።

ወደ ሐረሪ ቤት የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ወንበር አይደለም። ከግድግዳው ጋር አብረው የተገነቡ፣ ምንጣፍና ትራስ የተነጠፈባቸው ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ናቸው፤ ነደባ ይባላሉ። አምስት ናቸው፤ እያንዳንዱም ስምና ባለቤት አለው። አሚር ነደባ ለቤቱ አባወራና ለታላቅ እንግዳ ነው። ጊዲር ነደባ ማለት ትልቁ፣ ጢት ነደባ ማለት ትንሹ ነው። ሱትሪ ነደባ ከለል ያለው ነው፤ ስሙ ራሱ መሸፈንን ያስታውሳል። ገብቲ ኤሐር ነደባ ደግሞ ከበሩ ኋላ ያለው ነው። ሰው ከገባበት ጀምሮ ቦታው የት እንደሆነ ይታወቃል፤ ሽማግሌ ሲመጣ ወጣቱ «ተነስ» ሳይባል ይነሳል። በሌሎቻችን ቤት ለልጆቻችን በቃል ደጋግመን የምንነግረውን አደብ እዚያ ግንበኛው ከድንጋይ ጋር ሠርቶታል። ሶፋ በዱቤ ገዝተን ሳሎኑን ከሞላን በኋላ እንግዳ የት እንደሚቀመጥ የምንጨነቅ ሰዎች ይህን ብናስብበት አይከፋም።

ወለሉ ቀይ ነው። የሐረር ሰዎች ይህ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይላሉ። ግድግዳው በኖራ ነጭ ሆኖ፣ በውስጡ ዕቃና መጽሐፍ የሚቀመጥባቸው ክፍት መስኮት መሰል ቦታዎች ተቀርጸዋል። ከእነዚህ መካከል ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ያላቸው ለቁርኣንና ለኪታብ ናቸው፤ ቅርጻቸውም የቀብርን ቅርጽ እንዲያስታውስ ነው ይባላል። ሰው በየቀኑ ኪታቡን ሲያነሳ መጨረሻውን ያያል ማለት ነው። ከሳሎኑ አጠገብ ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉበት ኪርታት የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ካያችሁ ደግሞ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። አንድ ቃል ሳይነገር ለሽማግሌዎች የሚደርስ መልእክት ነው፤ ሐያእ ማለት ይህ ነው።

የቀረው ግድግዳ የሴቶቹ ነው። ከጣራው ሥር ጀምሮ ሰፌድ፣ ሳህንና ትሪ በረድፍ ይሰቀላል። በዘፈቀደ አይደለም፤ ግራው ከቀኙ፣ ትልቁ ከትንሹ ጋር እየተያየ ነው። ረመዷን ሲቃረብ ግድግዳው በኖራ ይታደሳል፤ ዕቃው ሁሉ ወርዶ ይታጠብና ይመለሳል። ከረመዷን በኋላ የሸዋልን ስድስት ቀን የጾሙ ሰዎች የሚያከብሩት የሹዋሊድ በዓልም በኅዳር 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023) በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ለዚያ ቀን ቤቱም ሰዉም ይዋባል።

የውጭ አገር ጎብኚ ይህን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። እኛ ልናስተውል የሚገባን ግን ሌላ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ለማማር ብቻ የተቀመጠ ነገር ጥቂት ነው። መደቡ ይቀመጡበታል፤ የተቀረጸው ቦታ ኪታብ ይይዛል፤ ሰፌዱ ወርዶ እንጀራ ወይም ቡና ቁርስ ይቀርብበታል። ሱረቱ-ን-ነሕል መጀመሪያ ጥቅምን፣ ቀጥሎ ውበትን እንዳነሳው ሁሉ፣ እዚህም ጥቅሙ ቀድሞ ውበቱ ተከትሎታል።

ወስፌና ቁጥር

አሁን ወደዚያች ልጅ ሰፌድ እንመለስ፤ ምክንያቱም ስፌት የሐረር ብቻ አይደለም። በወሎም፣ በሸዋም፣ በሌላውም አካባቢ እናቶቻችን የሚሠሩት ነው። አሠራሩን ብዙ ወጣት ስለማያውቀው በአጭሩ እንንገረው። ስንደዶ የሚባለው ሣር ጥቂት ጥቂት ሆኖ ተጠቅልሎ እንደ ገመድ ውስጡ ይሆናል። አክርማ የሚባለው ደግሞ ተሰንጥቆ፣ ረጥቦ፣ በዚያ ላይ ይጠመጠማል። አክርማው በቀለም ተነክሮ ሲቀላ ወይም ሲጠቁር አለላ ይባላል። በወስፌ የፊተኛው ዙር ይበሳና አለላው በቀዳዳው አልፎ አዲሱን ዙር ከአሮጌው ጋር ያስራል። ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከመሐል፣ እምብርት ከምትባል የጥፍር ያህል ቋጠሮ ነው።

ንድፉ በወረቀት ላይ አልተሣለም። ሰፊዋ ትቆጥራለች። ይህን ለተማሪዎቻችን በሰሌዳ ላይ ስናሳያቸው ነበር የተገረሙት። የአንዱ ገመድ ውፍረት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። አንድ ዙር ሲጨመር የክቡ ራዲየስ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ዙሪያው ደግሞ ከ3 ሴንቲ ሜትር ትንሽ በለጥ ብሎ ይጨምራል። የሚያስገርመው ሰፌዱ ትንሽም ሆነ ትልቅ ይህ ጭማሪ አይለወጥም፤ ከ10ኛው ወደ 11ኛው ዙር ሲኬድም ከ39ኛው ወደ 40ኛው ሲኬድም ያው ነው። ኮከቡ ስምንት ጫፍ ካለው ይህ ጭማሪ ለስምንት ይካፈላል፤ ለእያንዳንዱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሰዋል። ሰፊዋ ለአንዱ ጫፍ ከድርሻው አብልጣ ብትሰጥ ኮከቡ ይጣመማል፤ አንድ ጫፍ ብትረሳ ክቡ ሲዘጋ ንድፉ አይገጥምም። ፊደል ያልቆጠረች እናት ይህን ሁሉ በጣቷና በዓይኗ ትሠራዋለች። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሚያንገሸግሻቸው ልጆች ያንን ቀን ደወሉ ሲደወል አልተነሱም።

ሌላም ስሌት አለ፤ ይህኛው ለገዢዎች ነው። ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰፌድ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ገመድ ቢሠራ፣ ገመዱ ተፈትቶ ቢዘረጋ 25 ሜትር ያህል ይረዝማል። አንዲት ሴት በሰዓት አንድ ስንዝር ያህል፣ 20 ሴንቲ ሜትር ብትሰፋ፣ 125 ሰዓት ያስፈልጋታል። ይህም ሣሩን መልቀምና ማቅለም ሳይታሰብ ነው። እንግዲህ ገበያ ላይ ቁጭ ብላ ከምትሸጥ እናት ጋር ዋጋ ስንከራከር፣ ለፕላስቲኩ መሶብ ሳንከራከር የምንከፍለውን ጨምረን ብናስበው መልካም ነው። የሠራተኛን ሐቅ የሚመለከተው የዲናችን ትምህርት በቀን ሠራተኛና በግንበኛ ላይ ብቻ የሚያበቃ አይደለም።

ያቺ ተማሪ በኋላ ከሰፈሯ አንዲት ሽማግሌ እናት ዘንድ ሄዳ ተቀምጣለች። እናትየው የአያቷን ሰፌድ እንድትነካው አልፈቀዱላትም፤ «ይህ የደረሰ እጅ ይፈልጋል፤ አንቺ መጀመሪያ የስኒ ማስቀመጫ ስፊ» አሏት። እስከምናውቀው ድረስ ሦስተኛውን ማስቀመጫ ጨርሳለች። የመጀመሪያው ጎድጓዳ ሊሆን ሲገባው እንደ ቆብ ተገልብጦ ቀርቷል፤ በቤታቸው መሳቂያ ሆኖ ተሰቅሏል።

በሙስሐፍ ጠርዝ ላይ ያለው ኮከብ

ስለ ሥዕል ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፤ «ኡስታዝ፣ መሣል ሐራም ነው?» የሚል ነው። ነፍስ ያላቸውን ነገሮች ስለመሣል ዑለማዎች የተናገሩት ሰፊ ነው፤ ዝርዝሩን ለእነርሱ እንተወዋለን። እኛ የምንለው ግን ጥያቄው ሁልጊዜ ስለ ሰውና ስለ እንስሳ ብቻ መሆኑ በራሱ ጠባብ መሆኑን ነው። ሙስሊሞች ከዚያ በመለስ በተተወላቸው ሜዳ፣ በቅጠልና በአበባ፣ በጽሕፈትና በመስመር ምን ያህል እንደሄዱ የአንዳሉስንና የኢስፋሃንን ሕንፃዎች ፎቶ ያየ ያውቃል። ሐረር ውስጥም በአቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ተሰብስበው በሙዚየም የተቀመጡት በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖችና ኪታቦች፣ በቆዳ የተጠረዙት፣ የዚሁ ጥበብ ምስክሮች ናቸው።

ግን እስከዚያ መሄድም አያስፈልግም። ቤታችሁ ያለውን ሙስሐፍ ክፈቱ። በብዙዎቹ የታተሙ ሙስሐፎች ላይ የሒዝቡ ሩብ የሚጀምርበትን የሚያመለክት ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ አለ። ቁርኣን 60 ሒዝብ፣ እያንዳንዱም አራት ሩብ ስለሆነ፣ የሩቦቹ ቁጥር 240 ነው። ልጆቻችን ይህን ምልክት ከ«አሊፍ ባ» ማግሥት ጀምሮ ያዩታል፤ እንዴት እንደተሠራ ግን አይጠይቁም። ሁለት እኩል ካሬዎች ናቸው፤ አንዱ ቀጥ ብሎ፣ ሌላው በጫፉ ቆሞ ተደራርበዋል። የአያትየው ሰፌድ ላይም ጫፎቹ እነዚያው ስምንቱ ናቸው። ያንን ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ክፍሉ ጸጥ አለ።

ኮምፓስ ያለው ልጅ ደግሞ ሌላ ይሞክር። አንድ ክብ ይሥራ። ኮምፓሱን ሳያጠብና ሳያሰፋ ጫፉን በክቡ መስመር ላይ አድርጎ ምልክት እያደረገ ቢዞር ልክ በስድስተኛው ወደ ጀመረበት ይመለሳል። በየምልክቱ ላይ ያንኑ ክብ ቢደግም በመሐል ባለ ስድስት ቅጠል አበባ ይወጣል። ማስመሪያ ላይ ምንም ቁጥር አልተነበበም። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ልጅ «ሱብሓነላህ» ሲል ማንም አላስተማረውም።

ልብስ፤ በሒበራና በኸሚሳ መካከል

ስለ ልብስ ስናነሳ ነገሩ ይሞቃል፤ በየቤቱ ክርክር አለበት። የሸሪዓው መስፈርት ይታወቃል። ልብሱ የሚሸፈነውን ይሸፍናል፤ አያጣብቅም፤ ገላ አያሳይም፤ ለኩራትና ለኢስራፍ አይለበስም። ከዚህ በኋላ ያለው ሜዳ ግን ሰፊ ነው። አንዳንድ ወጣት እህቶቻችን ይህን ሜዳ በገዛ እጃቸው አጥብበው፣ ልብስ ማለት ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣው ጥቁር ዐባያ ብቻ ነው ብለው፣ በላዩ ላይ በሚያብረቀርቅ ድንጋይ ምክንያት ዋጋው ሰማይ የደረሰውን ለመግዛት እናታቸውን ያስጨንቃሉ። ዐባያን አልነቀፍንም፤ ለሰጠችበት መሸፈን ምስጋና ይገባታል። የነቀፍነው ዋጋውን ነው።

ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት ሁለት ነገር ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። አነስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ለነቢዩ በጣም ተወዳጅ ልብስ ከነበሩት አንዱ ሒበራ የሚባለው የየመን ባለ መስመር ልብስ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ጥለት ባለበት ኸሚሳ በሚባል ልብስ ሰገዱና ጥለቱ ልባቸውን ስለያዘባቸው ወደ አቡ ጀህም እንዲመለስና በእርሱ ምትክ ጥለት የሌለው እንዲመጣላቸው አዘዙ። ባለ መስመሩን ወደዱ፤ ሶላታቸውን የሻማውን መለሱ። ብዙ ሰው ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይዞ ይከራከራል። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው ግን ልብስ ከመግዛቱ በፊት ቀለሙን ሳይሆን ልቡን ይጠይቃል።

ከሐረር ሳንወጣ እንቀጥል። በጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ። ስሙ የመጣው በመንገዱ ዳር ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪኖች ድምፅ ነው። ጨርቁን ከሱቅ ትገዛላችሁ፤ ደጅ ላይ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ይለካችኋል፤ ገበያውን ዞራችሁ ስትመለሱ ልብሱ ያልቃል። ቁመቱ በእናንተ ቁመት፣ እጅጌው በእናንተ እጅ ነው። የቀድሞ ሐረሪ ሴቶች ደግሞ በአንድ ፊቱ ጥቁር፣ በሌላው ቀይ የሆነ፣ ገልብጠው የሚለብሱት ቀሚስ ነበራቸው። አንድ ልብስ ለሁለት ጊዜ የሚሆንበት ይህ ዘዴ ኢስራፍን ለሚፈራ ቤተሰብ ከብዙ ሱቅ ይበልጣል። እንደዚያ ዓይነት ልብስ ሰፊ በየከተማችን አለ፤ በየሰፈሩ ጥግ በአንድ መኪና የሚሠራ ማለታችን ነው። ለዒድ የሚገዛው ዝግጁ ልብስ ገና ሳይለበስ ዚፑ ሲበጠስ ወደ እርሱ መሮጣችን አይቀርም፤ መጀመሪያውኑ ብንሄድስ?

ወንዶች ልጆች «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብለው እንዳይዘልሉት አንድ ነገር እናክል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ምን እንደሚሠሩ ሲጠየቁ ልብሳቸውን እንደሚሰፉና ጫማቸውን እንደሚጠግኑ ተናግረዋል። የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ መትከል የማይችል የ15 ዓመት ልጅ ያለበት ቤት በዚህ ክረምት ጥሩ የቤት ሥራ አለው።

ለዚህ ክረምት

ወላጆች ከእኛ የተለየ ፕሮግራም እንዲጠብቁ አንፈልግም። የምንመክረው ትንሽ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ባለ ካሬ ደብተር ግዙለት፤ የሒሳብ ደብተሩ የተረፈው ገጽም ይበቃል። በቀን አንድ ንድፍ ካየበት ቦታ ይገልብጥ፤ ከእናቱ ነጠላ ጥለት፣ ከመስጂዱ መስኮት ብረት፣ ከጎረቤት በር፣ ከጀበና ማቶት፣ ከመስገጃው። መስገጃውን ሲገለብጥ ሚሕራቡን ያገኛል። ዝናቡ ጋብ ሲል ወጣ ብሎ ቅጠል ያምጣና የጀርባውን ሥር ይቁጠር። ማታ አባት ከሥራ ሲመለስ ደብተሩን ለአምስት ደቂቃ ይይ፤ «ማሻአላህ» ይበል፤ «ይህን ከየት አገኘኸው?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ አምስት ደቂቃ ከሁሉ የከበደው ሥራ እንደሆነ እናውቃለን፤ የደከመ ሰው ዜና ማየት ይመርጣል።

አያት ያለችበት ቤት ደግሞ ዕድለኛ ነው። አያት ስትሠራ ልጅ አጠገቧ ይቀመጥ። «እኔ ምን አውቃለሁ» ትል ይሆናል፤ እንዲህ የሚሉት የሚያውቁት ናቸው። ልጆቹ የንድፎቹን ስም ይጠይቋት፤ ብዙዎቹ ንድፎች ስም አላቸው፤ ስሙ ካልተጻፈ ከእርሷ ጋር ይሄዳል። በዚያው ደብተር ላይ ንድፉንና ስሙን አንድ ላይ ይጻፉ።

ስፌቱን ለመጀመር ለምትፈልጉ፣ ስንደዶ የሚለቀመው ክረምቱ ወደ መውጫው ሲያዘነብል፣ ከነሐሴ መገባደጃ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በገጠርና በከተማ ዳር ያላችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፤ ለምለም ሳለ ተመዝዞ፣ ጥላ ላይ ደርቆ፣ በእስር በእስር ይቀመጣል። በከተማ መሐል ያላችሁ ከገበያ ታገኙታላችሁ፤ አለላውም ተቀልሞ ይሸጣል። ሣሩን ስትገዙ ሻጯን የት እንደምትሰፋና ልጆች ታስተምር እንደሆነ ጠይቋት። እምብርቱን ማሰር ከጽሑፍ የሚገኝ አይደለም፤ እርሷ አጠገብ ቁጭ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።